የእህቴ ላፕቶፕ፦ ከመስከረም እስከ ጥቅምት 30

መስከረም 2018 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ብሏል። ታላቅ እህቴ ደወለች። «ላፕቶፑ አልነሳ አለኝ» አለች። «መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጭል እንኳ አላለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቻርጀሩን ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው» ብዬ እተኛ ነበር። ያን ቀን ግን ድምጿ አስደነገጠኝ።

እህቴ የሂሳብ ባለሙያ ናት። ቀን በአንድ አነስተኛ የግል ድርጅት ትሠራለች። ማታና ቅዳሜ ደግሞ የሦስት ነጋዴዎችን መዝገብ ትይዛለች። የሁሉም ሥራ ያለው በዚያ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር አልሰጣትም። የራሷን ጠዋት ተሸክማ ትሄዳለች፣ ማታ ተሸክማ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ ደግሞ ልጇ ይጠብቃታል። 11ኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራውን የሚሠራው፣ የፊዚክስ ትምህርቱን ዩቲዩብ ላይ የሚያየው በዚሁ ነው።

ነጋዴዎቹ ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ናቸው። የዓመቱን ሂሳብ ዘግተው ግብራቸውን የሚያሳውቁበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ካለፈ ቅጣት አለ። ስክሪኑ የሦስት ሰዎችን የዓመት ሂሳብ ይዞ ነው የጠቆረው።

የምሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው። «የቱን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰው የሚደውልልኝ ከገዛ በኋላ ነው። ያኔ ብዙ ማድረግ አይቻልም። የእህቴን ጉዳይ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ይጠገን ወይስ ይቀየር?

በማግስቱ አንድ ጥገና ቤት ሄድን። ጠጋኙን ለዓመታት አውቀዋለሁ። የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ዋናውን የውስጥ ሰሌዳ፣ በማጉያ መነጽር አየው። ከዚያ ወደ እኔ አዞረልኝ። ቻርጀሩ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቁራጭ ጠቁራለች። ዙሪያዋ ቡናማ ሆኗል። ጠጋ ስል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

«ሾርት አድርጓል» አለ። ወደ እህቴ ዞሮ፦ «ቻርጀሩን ያሳዩኝ እስቲ።»

ከቦርሳዋ አወጣችለት። ኦርጅናሉ ሲበላሽባት የዛሬ ዓመት በርካሽ የገዛችው ነው። በእጁ መዘን አደረገው። «በጣም ቀላል ነው» አለ። «ውስጡ ብዙ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። መብራት ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ይላል፤ ይሄ ደግሞ የሚያስቆመው ነገር የለውም።»

ማዘርቦርዱን ለመቀየር 16,000 ብር ጠየቀ። ቦርዱ ከሌላ ከተበላሸ ላፕቶፕ የሚወጣ ነው። ዋስትና የለውም። እህቴ ግን ተስማምታ ነበር፤ የፈለገችው ቶሎ ወደ ሥራዋ መመለስ ነው። እኔ ነኝ የያዝኳት።

ራሙ፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማከማቻ፣ 4 ጂቢ ነው። እሱም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አውጥቶ ትልቅ መክተት አይቻልም። ላለፉት ሁለት ዓመታት «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ስትለኝ መፍትሔ ያጣሁለት በዚህ ምክንያት ነበር። ፕሮሰሰሩ፣ ሥራውን የሚያሰላው ዋናው ክፍል፣ ደግሞ 7ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊያቆም ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። በእርግጥ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ነበረ። ግን በ16,000 ብር ዋስትና የሌለው የአንድ ዓመት ዕድሜ መግዛት አልታየኝም። የሰው ሂሳብና የባንክ ገጽ የሚከፈትበት ማሽን ነው።

ጠጋኙም ሰማኝ። ገቢው ሊቀርበት እያለ «እውነቱን ነው እናቴ፣ ብሩን ሌላ ላይ ያውሉት» አላት። አመሰገንኩት።

ከመውጣታችን በፊት ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ኤስኤስዲ አስፈታን። በ900 ብር የዩኤስቢ ኬዝ ገዝተን ከተትነው። ቤት ደርሰን በእኔ ላፕቶፕ ሰካሁት። እህቴ ከኋላዬ ቆማለች። ስትጸልይ ይሰማኛል። ፎልደሩ ተከፈተ። ሂሳብ የምትይዝበት ፕሮግራም፣ የፒችትሪው ዳታ የሦስቱም በየስማቸው ተደርድሯል። «ተመስገን!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ለመጨረሻ ጊዜ ባክአፕ ያደረገችው ነሐሴ ውስጥ እንደነበር ያኔ ነው የነገረችኝ።

ስለ ትናንት ንገሪኝ

ቡና እየተፈላ ወረቀት አወጣሁ። «ምን ዓይነት ላፕቶፕ ትፈልጊያለሽ?» አላልኳትም። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ከሻጭ የሰማውን ነው የሚመልሰው። «ትናንት ከመበላሸቱ በፊት፣ ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን ሠራሽበት?» አልኳት። ቶናው እስኪደርስ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ጠዋት ታክሲ። ሰልፍ ላይ ስትቆም ቦርሳው ትከሻዋን ይቆርጣታል። ቢሮ ፒችትሪ ትከፍታለች። ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ኤክሴል። አንደኛው ሃያ ምናምን ዓምድ አለው። ክሮም ላይ የግብር ማሳወቂያው ገጽ፣ የባንክ ገጽና ቴሌግራም ተከፍተው ይውላሉ። ፕሪንተሩ በገመድ ነው። ዋይፋዩ ሲደክም ኢንተርኔቱንም በገመድ ትሰካለች። ማታ ልጁ ካጠና በኋላ እስከ 5 ሰዓት ደረሰኝ ትመዘግባለች። በሳምንት አንድ ሁለቴ መብራት ይሄዳል። አሮጌው ላፕቶፕ ከቻርጀር ሲነቀል 20 ደቂቃ አይቆይላትም ነበር።

ከዚህ ወሬ ብዙ ነገር ተወሰነ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ማክቡክም ክሮምቡክም ወጡ። ማክቡክ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ባትሪውም ያስቀናል። ለእሷ ግን የሚሠራበት ነገር የለውም። ያን ሁሉ አንድ ላይ ለመክፈት 8 ጂቢ ራም ይጠበዋል፤ 16 ያስፈልጋል። ሃያ ዓምድ ላለው ኤክሴል ስክሪኑ ፉል ኤችዲ መሆን አለበት። በ1366 በ768 ስክሪን ላይ ግማሹ ሠንጠረዥ ይደበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራና ቀኝ መጎተት ነው። የኢንተርኔት ገመድ ቀዳዳ በቀጫጭኖቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እየጠፋ ነው፤ እሱንም ጻፍነው።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ። «ቁጥር የምጽፈው ሳላይ ነው» አለችኝ። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ አሳየችኝ። ሦስት ጣቶቿ 4፣ 5 እና 6 የሚኖሩበት ቦታ ላይ ዐረፉ። እዚያ የጠረጴዛ ልብስ እንጂ ቁልፍ የለም። ጣቶቿ ግን «1,450» ብለው ጻፉ፤ አውራ ጣቷ ዜሮውን ሲመታ አየሁት።

በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ ያላቸው ባለ 15.6 ኢንቾቹ ናቸው። ባለ 14 ኢንች ላፕቶፖች ላይ ይህ የለም ማለት ይቻላል። ባለ 15.6ቱን ደግሞ በየቀኑ በታክሲ መሸከም አለ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተከራከርን። እኔ ለትከሻዋ አዘንኩ፣ እሷ ለጣቶቿ። በመጨረሻ ለመፍትሔው ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ የካልኩሌተር ያህል የሆነ የቁጥር ኪቦርድ ለብቻው ይሸጣል። 14 ኢንች ላፕቶፕና እሱ እንዲሆኑ ተስማማን። ብዙ የሂሳብ ሰዎች ለዚህ ሲሉ ብቻ ትልቅ ማሽን ሲሸከሙ አያለሁ። አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ያሰመርኩበት ሌላ ነው። አሮጌው ላፕቶፕ የሞተው ሊቀየር የማይችል ነገር ስለበዛበት ነው። ራሙ የተበየደ፣ ባትሪው የተዘጋ፣ ቻርጀሩ የራሱ ልዩ ጫፍ ያለውና በገበያ ኮፒው ብቻ የሚገኝ። አዲሱ ሲበላሽ፣ መበላሸቱ አይቀርምና፣ የተበላሸችውን ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ገዝተን መክተት መቻል አለብን። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ሆነ።

አቅሟ 50,000 ብር ነው። የሞተውን የዛሬ ስድስት ዓመት አዲስ የገዛችው በ18,000 ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በ50,000 አዲስ ጠንካራ ላፕቶፕ እንደማይገኝ ቀድሜ ነገርኳት። ከፋት። ግን ገበያ ላይ ከምትሰማው ቤት ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ገበያው

ቴሌግራም ላይ ያሉትን የላፕቶፕ ቻናሎች ሁለት ምሽት አየናቸው። ለዋጋ መነሻ ይሆናሉ። ለመግዛት ግን ዕቃውን በእጅ መያዝ ይሻላል። ሁለት ቅዳሜ መገናኛንና ቦሌን በእግር ዞርን።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ሻጩ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ላፕቶፕ አወጣ። 43,000 ብር። «ፓክድ ነው እናቴ፣ ማንም ያልነካው።» እህቴ ዓይኗ በራ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ሴሌሮን ኤን4020፣ 4 ጂቢ ራም፣ 128 ጂቢ ኢኤምኤምሲ። ይህ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት ክፍሎች፣ ብቻ ነው ያለው። ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን ከኤስኤስዲ በጣም ይዘገያል። ያ ማለት ከጥገና ቤቱ የሸሸነውን ችግር በአዲስ ካርቶን መግዛት ነው። እዚያው ደጅ ላይ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አዲስ ሆኖ እንዴት ይብሳል?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። አዲስነቱ ስለ ጭረቱና ስለ ባትሪው ነው የሚነግርሽ። ውስጡ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል የሚነግርሽ ያ ትንሹ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ሱቅ «አይ ሰቨን» የሚለው ቃል የነገሠበት ነው። ያገለገለ፣ ንጹሕ፣ 40,000 ብር። «ሌላው ሁሉ አይ 5 ነው የሚሸጥልዎት፤ ይሄ አይ 7 ነው።» ከፍቼ አየሁት። አይ 7-7600ዩ። ኮር አይ ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ረጅሙን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አኃዝ ጄኔሬሽኑን ይናገራል፤ 7600 ሰባተኛ ነው፣ 8350 ስምንተኛ ነው። ከ10ኛ ወዲህ ላሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ናቸው። ይህ አይ 7 ሁለት ኮር ነው ያለው። ስምንተኛው ጄኔሬሽን አይ 5-8350ዩ ግን አራት ኮር አለው። ኢንቴል በዚያ ጄኔሬሽን ነው ለእነዚህ ቀጫጭን ላፕቶፖች የኮሩን ቁጥር እጥፍ ያደረገው። ስሙ ያነሰው በሥራ ይበልጣል።

ለሻጩ «ይሄ እኮ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም» አልኩት። «ተጭኖበታል፣ ይኸው!» ብሎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ተጭኖበታል። በአቋራጭ መጫን ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያው መምጣቱን እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም። ዛሬ ይሠራል፣ የሚቀጥለው ትልቅ ማሻሻያ ሲመጣ እምቢ ሊል ይችላል። «ዊንዶውስ 11 አለው» እና «ዊንዶውስ 11 ይቀበላል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ቦታ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 አየን። በጣም ጥሩ ማሽን ነው። እኔ በልቤ ከያዝኩት ከሌኖቮ ቲንክፓድ ያምራል፣ ስክሪኑም ደስ ይላል። ልንገዛው ምንም አልቀረንም። ነገር ግን ይህ ሞዴል በ7ኛም በ8ኛም ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ወጥቷል። ላዩ አንድ ነው። እጃችን ላይ የነበረው 7300ዩ ሆኖ ተገኘ። ሻጩም አላወቀም፤ ደንግጦ ሌላ ካለው ፈለገልን፣ አልነበረውም።

አራተኛው ላይ የሆነውን ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዋጋው ከሌሎቹ በ6,000 ብር ያነሰ ነበር። ሁሉም ነገሩ ይሠራል። አጥፍቼ አስነሣሁትና ወደ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ልገባ ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሻጩ «እሱ ለሥራ አያስቸግርም» አለ። ያስቸግራል። እነዚህ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የውጭ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የገዟቸውና በየሦስት አራት ዓመቱ በጅምላ የሚቀይሯቸው ናቸው። ድርጅቱ ቁልፉን ሳያነሣ የወጣ ማሽን ባለቤቱ አሁንም ሌላ ነው። ነገ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ከፍላሽ ልጫን ብትል ሊከለክልህ ይችላል። አስቀምጠነው ወጣን።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠባብ ሱቅ ገባን። ቀጭን ልጅ ብቻውን ተቀምጧል። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ጠየቅነው። ሁለት አወጣ።

ቲ480

ይህን ሞዴል አስቀድሜ በልቤ ይዤው ነበር፤ አልደብቅም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ዕድሜ አለው፣ ወፍራም ነው፣ ለዓይን አይማርክም። ግን ራም የሚከተትበት ሁለት ቀዳዳ አለው፣ በሁለቱም ራሙን አውጥቶ መቀየር ይቻላል። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ቲ490 ላይ አንደኛው ራም የተበየደ ሆኗል። የኢንተርኔት ገመድ ቀዳዳ አለው። በተራ ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ይሞላል፣ ስለዚህ ቻርጀር ፍለጋ መንከራተት የለም። ኪቦርዱ ላይ ጣት ሲያርፍ ደስ ይላል፤ እህቴ ገና ሁለት ቃል እንደጻፈች «ኡፍ፣ ይሄ ይመቻል» አለች።

ከሁሉ የምወደው ባትሪውን ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ በእጅ የሚወጣ። የውጪው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳያጠፉ አውጥቶ ሌላ መክተት ይቻላል። የውስጠኛው እስከዚያ ይዞ ይቆያል። መብራት ለሚሄድበት ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ጉድለቱንም ነገርኳት። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ደብዘዝ ይላል። ካሜራው 720ፒ ነው፣ ለዙም ይበቃል እንጂ አያምርም። 8ኛ ጄኔሬሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው የመጨረሻው ጥግ ላይ ያለ ነው። ማይክሮሶፍት መስመሩን ከፍ ያደረገ ቀን መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ሦስት አራት ዓመት ከሠራሽበት ብሩን መልሷል፣ ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባልሽም አልኳት። 10ኛና 11ኛ ጄኔሬሽን ጠይቀን ነበር፤ ከ60,000 በላይ ነበር የሚጠሩት።

ልጁ ሁለቱንም ሰጥቶን «እንደፈለጋችሁ ፈትሹ» አለ። ይህ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጥን።

አንደኛው ወዲያው ወጣ። ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ቲ480 በሁለቱም ዓይነት ስክሪን ወጥቷል፤ ከጎን ስታየው ቀለሙ የሚገለበጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ፉል ኤችዲ ነው። አይ 5-8350ዩ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ።

አስነሥቼ ኤፍ1 ተጫንኩ። ባዮሱ ያለ ምንም ጥያቄ ተከፈተ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የባትሪ ሪፖርት አወጣሁ። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ማንኛውም ዊንዶውስ በአንዲት ትእዛዝ ያወጣዋል። ሁለት ቁጥር ነው የሚታየው። ባትሪው አዲስ ሳለ ምን ያህል ይይዝ እንደነበር፣ አሁንስ ምን ያህል እንደሚይዝ። አዲስ ሳሉ ሁለቱም 24 ዋት-ሰዓት ገደማ ነበሩ። የውስጠኛው አሁን 19 ይይዛል። የውጪው ግን 11 ብቻ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ቲ480 ሲሠራ መጀመሪያ የሚጨርሰው የውጪውን ነው፤ ስለዚህ እሱ ቶሎ ያረጃል። ደግነቱ በእጅ የሚቀየረው እሱ ነው። ልጁ ቁጥሩን አብሮኝ አየ። በኋላ ዋጋ ስንከራከር ረድቶናል።

እህቴ ኖትፓድ ከፍታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መታቻቸው። ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ሥዕል ከፍተን ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈለግን፤ ከታች በቀኝ ጥግ ፈዘዝ ያለች አንዲት ቦታ አለች፣ ሥራ አትከለክልም። ፍላሽ በየቀዳዳው ሰካን። ቻርጀሩን በሁለቱም ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ሞከርነው። እዚህ ላይ አልቸኮልኩም። በዚህ ሞዴል ላይ ታንደርቦልት የሚባለው አንደኛው ቀዳዳ ፈርምዌሩ፣ ማለትም የውስጥ ፕሮግራሙ፣ ካልታደሰ ሊበላሽ እንደሚችል ይታወቃል፤ ሌኖቮ ማስተካከያውን ካወጣ ቆይቷል። ሁለቱም ሞሉ። ቤት እንደገባን መጀመሪያ የጫንኩት ያንን ማስተካከያ ነው።

ቻርጀሩን ገልብጬ አነበብኩ። 20 ቮልት፣ 3.25 አምፒር፣ 65 ዋት። እህቴ ከእጄ ተቀብላ መዘን አደረገችው። «ይሄስ ይከብዳል» አለች። ከጠጋኙ የተማረችው ነው።

46,000 ጠራ። የውጪው ባትሪ መድከሙን አነሣሁ። እህቴ ደግሞ የጥግዋን ፈዛዛ ቦታ። 41,500 ላይ ተስማማን። የሦስት ወር ዋስትና ሰጠን፤ ደረሰኙ ላይ የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር እንዲጽፍልን ጠየቅን። ሲሪያል የሌለው ዋስትና ከወር በኋላ «ይሄ ከእኔ የተገዛ አይደለም» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። ጻፈልን፣ ማኅተም አደረገ፣ በቴሌብር ከፈለች።

ከዚያው አካባቢ 8 ጂቢ ራም በ4,500፣ ትልቁን የውጪ ባትሪ በ4,800፣ የቁጥር ኪቦርዱን በ1,200 ገዛን። ከኬዙ ጋር 52,900 ብር። ከአቅሟ አልፏል። አሮጌውን ላፕቶፕ ጠጋኙ ለስክሪኑና ለኪቦርዱ ሲል በ5,000 ወሰደው። 47,900 ላይ ቆመ።

ቤት ከገባ በኋላ

ሻጩ የጫነውን ዊንዶውስ አጠፋሁት። ሰው ሁሉ ቢያደርገው እመክራለሁ። ከማይክሮሶፍት ያወረድኩትን ዊንዶውስ 11 ፕሮ እንደ አዲስ ጫንኩ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ ራሱ ተረጋገጠ። አብዛኞቹ እነዚህ የድርጅት ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃድ ማዘርቦርዱ ላይ ይዘው ነው የሚመጡት። ክራክ ፍለጋ መዞርና ቫይረስ መሸመት አያስፈልግም።

ራሙን ጨመርኩ። ፒችትሪውን ጫንኩ፣ ዳታውን ከአሮጌው ኤስኤስዲ መለስኩ። እህቴ ወረቀት ላይ ካለ ሪፖርት ጋር የሦስቱንም ሂሳብ አስተያየች። ገጠመ።

የቀረው የልጁ ነገር ነበር። ለእሱ ሌላ አካውንት ከፈትኩለት፣ ፕሮግራም መጫን የማይችል። ደስ አላለውም። «አጎቴ፣ ጌም እንኳን አልጭንም?» አለኝ። ቁጭ አድርጌ የእናቱን ፎልደር አሳየሁት። የሦስት ሰው የዓመት ሥራ እዚህ ውስጥ እንዳለ፣ አንድ መጥፎ ፋይል ሁሉንም ሊያጠፋው እንደሚችል ነገርኩት። ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ አንተ ስትመጣ አብረን እንጭናለን» አለ። አሁን የባክአፑን ነገር የያዘው እሱ ነው። በየዓርብ ማታ አሮጌውን ኤስኤስዲ ሰክቶ የእናቱን ዳታ ይገለብጣል።

ጠዋት ትንሿን ባትሪ ይዛ ትሄዳለች፣ እንዲቀላት። ትልቁ ሌሊት ተሞልቶ ቤት ይቀመጣል።

ጥቅምት 28 ማታ ቤታቸው ነበርኩ። የመጨረሻውን ነጋዴ ሂሳብ እየዘጋች ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማንም አልጮኸም። ስክሪኑ ፊቷን አብርቶታል፣ የቁጥር ኪቦርዱ ድምፅ አልቆመም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የትንሿ ባትሪ ምልክት ቀላ። ልጁ የስልኩን መብራት አብርቶ መጣ። እሷ ላፕቶፑን አጋደም አድርጋ ከሥሩ ያሉትን ሁለት መንሸራተቻዎች ገፋች፣ ትንሿን አወጣች፣ ትልቁን ቀጭ አድርጋ አስገባች። ኤክሴሉ እንደተከፈተ ነው። ወዲያው ሦስት ጣቶቿ 4፣ 5 እና 6 ላይ ተመለሱ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወለች። «ሦስቱም ገቡ» አለችኝ።